በጆንያ የተሸከምኳት ድመት

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን መብራት ሲጠፋ የሚከፋቸው አዋቂዎች ብቻ ነበሩ። እኛ ልጆች አምፖሉ ድርግም ባለ ቁጥር «እሰይ!» ብለን፣ አፋችን ውስጥ ያለውን ጉርሻ በቅጡ ሳንውጥ ወደ እትዬ ውዴ ቤት እንሮጥ ነበር። ያኔ ላሊበላ መብራት ነበራት ለማለት ያህል ነበራት እንጂ፣ ገና ጀንበር ጥልቅ ከማለቷ ይሄድና ሲለው ይመለሳል። የእትዬ ውዴ ቤት ከአሸተን ማርያም በሚወርደው መንገድ ዳር፣ በድንጋይ የተሠራች ክብ ቤት ነበረች። የባሕር ዛፍ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ኩራዟ መደቡ ጫፍ ላይ እየተርገበገበች፣ እሳቸው በእንጨት ፍሙን ገለጥ ሸፈን እያደረጉ ሲያወሩልን፣ ያኔ ዓለም ላይ ከዚያ የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ዛሬ ግን ያንን ቤት ማሰብ ያስጠላኛል። ከወዲሁ ልናገረውና ልገላገል። ሌላው ሰው የልጅነቱን ተረት ነጋሪ ሲያስታውስ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣ ድምፁ ይለሰልሳል፤ እኔ እትዬ ውዴን ሳስብ የሚመጣብኝ የበሰበሰ ነገር ሽታ ነው። ነፍሳቸውን ይማር፤ ግን እንደዚያ ነው።

ከተረቶቻቸው ሁሉ አብልጬ የምወደው የመበለቲቱንና የድመቷን ነበር። አንዲት ድሃ መበለት ለባሏ ተዝካር ያኖረቻት አንዲት ቁና ገብስ ብቻ ቀርታታለች። አይጥ ያችኑ ሊጨርስባት ሆነ። መበለቲቱም ተንበርክካ «ጌታዬ፣ የሚረዳኝ ላክልኝ» ብላ አለቀሰች። በማግሥቱ አንዲት የከሳች ድመት መጥታ አጥሩ ላይ ቆመች። መበለቲቱ በድንጋይ አባረረቻት። በሁለተኛውም ቀን መጣች፤ አሁንም በድንጋይ አባረረቻት። በሦስተኛው ቀን መበለቲቱ ከረሃብ የተነሣ ክንዷን ማንሣት አቅቷት ዝም ብላ ተቀመጠች። ድመቷ ቀስ ብላ ገባችና ጎታው ሥር ተኛች፤ ገብሱም ተረፈ። እዚህ ላይ ሲደርሱ እትዬ ውዴ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉና «አያችሁ ልጆቼ፣ የተላከችላትን እኮ ነው በድንጋይ ስታባርር የሰነበተችው» ይሉናል። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። እኛም እናለቅሳለን። የምሬን ነው፤ እኔማ አንድ ጊዜ ንፍጤና እንባዬ ተቀላቅለው አፌ ውስጥ እስኪገቡ ድረስ አልቅሻለሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ አሥር ዓመት ሳይሞላኝ አይቀርም። አንድ ሐሙስ እናቴ የሕፃን ልብስ እንዳጥብ ወደ ዥረቱ ላከችኝ። ዥረቱ ከሰፈራችን በታች የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ሰው ቆሻሻ ይደፋል። ያን ቀን ከቆሻሻው መካከል አፉ በጨርቅ የታሰረ የማዳበሪያ ጆንያ አየሁ። ጆንያው ተንቀሳቀሰ። እባብ መስሎኝ ሸሸሁ፤ ከዚያ የቀጠነ ድምፅ ሰማሁና ተመለስኩ። ቋጠሮው ስላልላላልኝ በጥርሴ ነው የፈታሁት። ሽታው ፊቴን መታኝ። ውስጡ ጡት ከጣሉ ብዙም ያልቆዩ አራት የድመት ግልገሎች ነበሩ፤ ሦስቱ ሞተው ሆዳቸው ተነፍቷል፣ ጸጉራቸው በገዛ እዳሪያቸው ተጣብቋል። አራተኛዋ፣ አመድማዋ፣ ከሞቱት ሥር ተወሽቃ ነበር። እጄን ስሰድ ደም እስኪወጣኝ ቧጨረችኝ።

ጨርቁን ያወቅሁት ገና እጄ ላይ ሳለ ነው። ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ አበባ ያለበት የእትዬ ውዴ የአሮጌ ቀሚስ ቁራጭ ነበር። ድመታቸው ወልዳ ግልገሎቹን ስናጫውት ከርመን ሲጠፉብን «እናታቸው ወሰደቻቸው» ብለውን ነበር። እኔም አመንኳቸው። ጨርቁን እጄ ላይ ይዤ እንኳ አመንኳቸው፤ ግልገሏን በቀሚሴ ጠቅልዬ እየሮጥኩ ወደ እሳቸው የሄድኩት ሌላ ክፉ ሰው ሰርቆባቸው ጥሏል ብዬ ነው።

«እትዬ! የድመትዎን ልጆች አንድ ጨካኝ ሰው ጆንያ ውስጥ አስሮ ጥሏቸዋል» አልኳቸው።

ሰፌድ ይዘው ምስር እየለቀሙ ነበር። ቀና እንኳ አላሉም። «እኔ ነኝ የጣልኳቸው። ታዲያ ምን ላርግ? አምስት ድመት ልቀልብ?»

«በተረቱ ላይ ግን…» ብቻ አልኩ።

ሳቁ። ደስ የሚል ሳቅ ነበራቸው። «አዬ ሰርኬ! ያ እኮ ተረት ነው፤ ይኼ ድመት ነው። በይ ውሰጂልኝ፣ ቁንጫ ታራግፊብኛለሽ።»

ግልገል መጣላቸው ብቻ አይደለም ያንገሸገሸኝ። እውነት ለመናገር በእኛ ሰፈር ያልጣለ የለም፤ እናቴም ጥላ ታውቃለች። እናቴ ግን ስለ ድመት አልቅሳ አታውቅም። እኔን ያስጠላኝ ያ እንባ ነው፤ በነጠላ ጫፍ የሚጠረገው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ያልታወቀው እንባ። ምስር እየለቀሙ የሚስቁበትን ያንን አፍ እያየሁ፣ ከዚያ አፍ ወጥቶ ጆሮዬ የገባው ተረት ሁሉ እንደ ምራቅ ተሰማኝ።

እናቴ ግልገሏን ስታይ አፍንጫዋን ያዘች። ታናሽ ወንድሜ ገና የአራት ወር ሕፃን ነበር። «ሕፃን ያለበት ቤት ድመት አላሳድግም። እስከ እሑድ ቦታ ፈልጊላት፤ ካላገኘሽ ግን እኔው ራሴ ወደ ዥረቱ እመልሳታለሁ» አለችኝ። እናቴ ያለችውን የምታደርግ ሰው ናት።

ግልገሏ የሰው ዓይን አትችልም። ጎታው ኋላ ገብታ ተለጠፈች። ወተት ባስቀምጥላት ቤቱ ባዶ እስኪሆን አትቀምስም፤ ጠጋ ካልኩ ትፋጫለች። ከፍርሃቷ የተነሣ እዚያው ትሸናለች፤ ቤቱን አከረፋችው። እኔም እያቅለሸለሸኝ አመድ በትኜ እጠርጋለሁ፣ እናቴ ከኋላዬ ቆማ ቀን ትቆጥርልኛለች።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ቤት ለቤት ዞርኩ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «አይጥ ትይዛለች?» ገና ልጅ ናት፣ ሰውም ትፈራለች፣ ትንሽ ቢታገሷት ትለምዳለች ስል፣ ጥርስ የሌላት ላም ልሸጥላቸው የመጣሁ ይመስል ይስቁብኛል። በመጨረሻ ጋሼ ሲሳይ እሺ አሉ። ወደ ቤተ ክርስቲያኖቹ በሚወስደው መንገድ ላይ ለፈረንጅ ነጠላና የእንጨት መስቀል የሚሸጡ ሰው ናቸው፤ አይጥ ነጠላውን እየቀደደ አስመርሯቸዋል። «አምጫት፤ በጆንያ አርገሽ ታዲያ፣ መንገዱን እንዳታውቀው» አሉኝ።

በእኛ አገር ድመት ቤት የምትቀይረው እንዲህ ነው። ጆንያ ውስጥ ትከተትና አፉ ይታሰራል፤ አዲሱ ቤት ደጃፍ ላይ ስትደርስ ጆንያውን ሦስት ጊዜ ያሽከረክሩታል። ያኔ የመጣችበት መንገድ ይጠፋባታል፣ ወደ ድሮ ቤቷም አትመለስም ይባላል። እኔም ቅዳሜ ጠዋት እንደ ደንቡ አደረግሁ። እናቴ የጆንያውን አፍ ያዘችልኝ፣ እኔ ጎታው ኋላ ገብቼ ጎትቼ አወጣኋትና ከተትኳት። ከጆንያ ባወጣኋት በሁለተኛው ቀን መልሼ ጆንያ ውስጥ! እውነቴን ነው የምለው፣ ቅንጣት ታህል አልታየኝም። ከዚያ በፊት ከድመት ሰምቼ የማላውቀውን ጩኸት ጮኸች። ከዚያ ዝም አለች፤ እኔም ዝምታዋን መልመድ አድርጌ ቆጠርኩት። የጋሼ ሲሳይ ሱቅ ደጃፍ ስደርስ፣ ለእሷ ብዬ፣ መንገድ እንዳይናፍቃት ብዬ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ አሽከረከርኳት።

ጆንያው ሲፈታ በትውከቷና በእዳሪዋ ተለውሳ ወጣች። ጋሼ ሲሳይ «ኤጭ!» ብለው በውኃ አለቀለቋትና እግሯን በሲባጎ ከጠረጴዛው ጋር አሰሯት። የገበያ ቀን ስለ ነበር ሱቁ ሰው አላጣም። ገበያተኛው በከዘራ ጫፍ ነካ ያደርጋታል፤ አንዲት ፈረንጅ ፎቶ ልታነሣት ስትል ጋሼ ሲሳይ በማጅራቷ አንጠልጥለው ያቀርቡላታል። ይህን አይቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። «ትለምዳለች» አልኩ ለራሴ።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ ጠረጴዛው ሥር በጥርስ የተበጠሰ ሲባጎ ብቻ ቀርቷል። ጋሼ ሲሳይ አንድ ነጠላ ዘርግተው እያሸተቱ ነበር። «መዓት ነው ያመጣሽብኝ! እላዩ ላይ ሸንታበት ወደ መሪጌታ ግቢ ዘላ ገባች። ሂጂ ልቀሚያት፤ ወደዚህ ግን እንዳታመጫት» አሉኝ።

መሪጌታ ወርቁ ብራና እየፋቁ መጽሐፍ የሚጽፉ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ብቸኛ ሰው ነበሩ። እኛ ልጆች ግቢያቸውን የምናልፈው አፍንጫችንን ይዘን በሩጫ ነው። የፍየል ቆዳ በገንዳ ይዘፈዝፋሉ፣ ያወጡና በእንጨት ላይ በጠፍር ወጥረው ሥጋውንና ስቡን በስለት ይፍቃሉ፤ ሽታው ልብስ ላይ ይጣበቃል። ደግሞ ቁጡ ይመስሉናል። ተረት ይቅርና ሰላምታ እንኳ ከአፋቸው በግድ ነው የሚወጣ። ያን ቀን ግን እሑድ ሊመጣ አንዲት ሌሊት ብቻ ቀርታ ነበርና፣ ጆንያዬን ይዤ ትንፋሼን ውጬ ገባሁ።

«መሪጌታ፣ እንደምን ዋሉ። ድመት አይተዋል?»

«አይቻለሁ።» ከቆዳው ላይ ዓይናቸውን አላነሡም።

«ልውሰዳት?»

«መጀመሪያ ያንን ጆንያ ከአጥር ውጭ አድርጊውና ተመለሽ።»

ውጭ ጥዬው ተመለስኩ። ከየት እንዳመጣኋት ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዥረቱን፣ የሞቱትን፣ እናቴ የሰጠችኝን ቀን፣ ሱቁን። እትዬ ውዴ ያሉትን ስነግራቸው መፋቃቸውን አላቋረጡም። ጋሼ ሲሳይ ጋ እንዴት እንደ ወሰድኳት ስነግራቸው ግን ስለታቸውን አቆሙ።

«ከጆንያ አውጥተሽ ጆንያ ከተትሻት?»

ያን ጊዜ ነው የታየኝ። አልተቆጡኝም። እጄን አሸተትኩት፤ ከቆዳው ሽታ ሁሉ የእኔ እጅ ይብሳል። ሁለት ቀን ሙሉ እትዬ ውዴን ስጸየፍ ሰንብቼ፣ እኔው እሳቸውን ሆኜ ተገኘሁ፤ እሳቸው አንድ ጊዜ አስረዋታል፣ እኔ ደግሞ በፍቅር ስም ደገምኩባት።

«ነገ እናቴ ልትጥላት ነው፤ እባክዎ እርስዎ ይያዙልኝ» አልኳቸው እያለቀስኩ።

«እኔ አልይዛትም» አሉ። ከዚያ ድመቷ ወደ ተደበቀችበት የእንጨት ክምር በአገጫቸው አመለከቱ። «የያዛት ሁሉ ነው እንዲህ ያረጋት። እዚያው ትቀመጥ። አንቺም ስትመጪ አትጥሪያት፣ አትፈልጊያት፣ ዓይን ዓይኗን አትይ።»

እንዲህ ሆኖ ነው ቦታ ያገኘችው። መሪጌታ ያኔ ለአንድ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ዳዊት መጻፍ መጀመራቸው ነበር፤ ጠዋት ይፍቃሉ፣ ከሰዓት ይጽፋሉ። በየጠዋቱ ከቆዳው የወጣውን ስብ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያኖሩና ፊታቸውን ያዞራሉ። በየቀኑ ያንን ድንጋይ ጣት ያህል ወደ ራሳቸው ያስጠጉታል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ ቆሜ «ዛሬስ?» እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም በሚጽፉት መዝሙር ቁጥር ይነግሩኛል። ሃያኛው ላይ አፍንጫዋን አየሁ ይላሉ። ሃምሳኛውን ሲጽፉ በጠራራ ፀሐይ ወጥታ በልታለች። ሰማንያኛው ላይ ነፋስ የተወጠረውን ቆዳ ከነእንጨቱ ጣለውና ደንግጣ ሰባት ቀን ጠፋች። መሪጌታ ድንጋዩን አንሥተው መጀመሪያ ወደነበረበት፣ እዚያ ክምሩ ሥር መለሱትና እንደገና በጣት ጀመሩ። ያንን ቆሜ አይቻለሁ። ሰው እንዲህ ሲያደርግ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

የግልገሏ ወሬ በሰፈር ሲዞር ከረመ። አንድ ምሽት ታዲያ መብራት ጠፋ። እትዬ ውዴ ቤት ሁለተኛ አልረግጥም ብዬ ነበር፤ ግን ልጅ ነኝ፣ ልጆቹ ሲሮጡ እግሬ ይዞኝ ሄደ። እትዬ ውዴ ፍሙን ገለጥ አደረጉና አዲስ ተረት ጀመሩ። አንዲት ደግ አሮጊት ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ፣ አንድ ጨካኝ ሰው ከጣለው ጆንያ ውስጥ ልቅሶ ሰማች። ፈታችው። የዳነችውን ግልገል በጉያዋ ይዛ እንደ እናት አሞቀቻት፣ ወስዳም ለአንድ ጻድቅ ሰው አደራ ሰጠቻት። እሳቸው ይህን ሲያወሩ ወደ እኔም አይተዋል፤ ዓይናቸው ላይ ትንሽ እንኳ እፍረት አልነበረም። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ነጠላቸው ወደ ዓይናቸው ወጣ። ልጆቹ ሁሉ አለቀሱ።

እኔም አለቀስኩ። እስከ ዛሬ የሚያንገፈግፈኝ ይሄ ነው። ተረቱ ግሩም ነበር፤ ውሸት መሆኑን ከሁሉም በላይ የማውቀው እኔ ሆኜ፣ ያቺ የሌለች አሮጊት ግልገሏን በጉያዋ ስታስገባ አንጀቴ ተላወሰ። እንባዬን አፌ ላይ ስቀምሰው ተነሥቼ ወጣሁ፤ አጥሩ ሥር ጎንበስ ብዬ የበላሁትን እራት አስመለስኩት።

ዳዊቱ ያለቀው ግንቦት ላይ ነው። የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች ሲጽፉ ድመቷ የመሪጌታ ጋቢ ዘርፍ ላይ ተኝታ ነበር፤ ብርዓቸውን ቀለም ሲነክሩ ጆሮዋ ብቻ ንቅንቅ ይላል። ብዙ ዓመት ኖረች። ወፍራለች፣ አይጥም ትይዝ ነበር። ቆዳ ሊሸጥ ከብልባላ የሚመጣ ገበሬ አጠገቡ ስትቀመጥ ጀርባዋን ሲያሻት አይቻለሁ። መሪጌታ ኋላ የተቀበሏቸው ተማሪዎችም ያቅፏት ነበር። እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ በሩ ላይ ብቅ ስል፣ ድምፅ ሳላሰማ እንኳ፣ ተነሥታ እንጨት ክምሩ ኋላ ትገባለች።

አድጌ ለመምህርነት ወልድያ ተምሬ ስመለስ አንድ ቀን ልሞክራት ሄድኩ። ቁመቴ ረዝሟል፣ ድምፄ ተቀይሯል፤ ረስታኝ ይሆናል አልኩ። ግማሽ ቀን ሙሉ ግድግዳውን ተደግፌ ሳላያት ተቀመጥኩ። ወጣች። አርጅታለች፣ አንድ ዓይኗ ፈዟል። እስከ ጠፍጣፋው ድንጋይ ድረስ መጥታ አፍንጫዋን አነሣች፣ እጆቼን አየቻቸው፣ ዞራም ወደ ክምሩ ተመለሰች። ሳትሮጥ ነው የሄደችው፤ ቀስ ብላ ነው።

መሪጌታ ፊቴን አይተው «ምን ሆንሽ?» አሉኝ። «ቦታ ፈልገሽላት ነበር፤ ቦታዋን ይዛለች። ምን ጎደለ?»

የጎደለውን ልነግራቸው አፈርኩ።

አሁን እኔም አስተምራለሁ። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሲደክማቸው ደብተር አስዘግቼ የዚህችን ድመት ነገር እነግራቸዋለሁ። ጆንያውን አልደብቅም፤ ማን አስሮ እንደ ጣላት፣ ማን መልሶ እንደ ከተታት እነግራቸዋለሁ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይፈታተነኛል። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው እየጠበቁኝ ነው፤ ድመቷን ከድንጋዩ አሳልፎ እጄ ላይ ለማስቀመጥ የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ምላሴ ጫፍ ላይ ይመጣል፤ ጣፋጭነቱ ይታወቀኛል። ሁሉም እንደሚያለቅሱ አውቃለሁ፣ እኔም ከእነሱ ጋር። ያኔ የዚያ የአጥር ሥር ትውከት ጣዕም ጉሮሮዬ ላይ ይደርስብኝና ዓረፍተ ነገሩን እውጠዋለሁ። «ወደ እኔ አልመጣችም» እላቸዋለሁ። ቅር ይላቸዋል። የሚያለቅስ የለም። ከመካከላቸው አንዷ ሁልጊዜ «ከዚያስ፣ ቲቸር?» ትላለች።

«ከዚያማ ኖረች» እላታለሁ።